ለምስጋና የመጣው ሟች

ፍርሃት በዘፈቀደ ሲለቀቅ አገር ያውካል፤ በኮሚቴ ሲመራ ግን ልማት ነው። ይህን ታላቅ እውነት ለወገን ያበረከተው ቢሮአችን የሚገኘው እዚሁ የካ ውስጥ፣ ከሾላ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሊፍቱ ከተመረቀበት ቀን ወዲህ ሠርቶ በማያውቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጠሪያችን «ነባር አስፈሪ ልብወለዶችን ዳግም በፊልም የማዘጋጀት ዐቢይ ኮሚቴ» ይባላል። ሰባት ነን። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ በመዝገብ የሰፈረ ነው። ያልሰፈረውንም ቢሆን የማውቀው እኔው ነኝ።

ሰብሳቢያችን አቶ ፊሊጶስ አስፈሪ ልብወለድ አንብበው አያውቁም። የማያስፈራውንም አላነበቡም። ይህን ጉድለት የሚለው ካለ ስለ አመራር የማያውቅ ሰው ነው፤ ያነበበ ሰብሳቢ ለመጽሐፉ ያዳላላ!

የተመረጠው መጽሐፍ ጋሽ ጎበና ከአርባ ዓመት በፊት የጻፉት «ያልተለቀሰለት» ነበር። ጋሽ ጎበና የእንጦጦ ግርጌ ተወላጅ ናቸው፤ አባታቸው ጤፍ የዘሩበት መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። የመጽሐፉ ታሪክ አጭር ነው። አንድ ሰው ይሞታል፤ ለቀብሩ አንድም ሰው አይመጣም። መቃብር ቆፋሪዎቹ ብቻ ባህር ዛፍ ሥር ይቀብሩታል። ከዚያ በኋላ ሟቹ ከጫካው እየወረደ የየቤቱን በር ሦስት ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ሲከፈትለት «እንባ አላችሁ?» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን የካ ውስጥ እንግዳ አንኳኩቶ በር የሚከፍትለት ሰው አልነበረም ይባላል።

መጽሐፉ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ተቀርጾ ነበር፤ ባይቀረጽ ይሻል ነበር። ሟቹን ሆኖ የተጫወተው ሰውዬ የእጅ ሰዓቱን ሳያወልቅ መቃብር ገባ። እሱስ ይሁን፤ ከመቃብር ሲወጣ ደግሞ ሰዓቱን አየት አደረገ። ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ጎበና ታክሲ ሰልፍ ላይ በቆሙ ቁጥር አንዱ ቀልደኛ አይጠፋም፤ «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ሰውዬው መጨረሻ ላይ ሰዓት ማሰር እርግፍ አድርገው ተዉ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተጋብዘው መጡ። አራት ፎቅ በእግር ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅናቸው።

«ልጆቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ አዳራሽ ሙሉ ሰው በእኔ ታሪክ ሲደነግጥ አንድ ቀን ልይ። ከዚያ ብሞትም አይቆጨኝ።»

«ይመዝገብ» አሉ አቶ ፊሊጶስ።

እኔም አሳጥሬ መዘገብኩ፦ «ደራሲው ለመሞት ፈቃደኝነታቸውን ገልጸዋል።»

ወደ ሥራ ገባን። የመጀመሪያውን እንከን ያገኘው የገጽታ ግንባታ ተወካያችን ሀብቶም ነው፤ ለእንከን ዓይኑ ስል ነው።

«ለቀብር ሰው አልመጣም ይላል እንዴ?» አለ መጽሐፉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «የኛ ሰው? ለማያውቀው ሬሳ እንጦጦ ድረስ ዳገት የሚወጣ ሕዝብ? ይሄ የለየለት ስም ማጥፋት ነው!»

ሁላችንም በሕዝባችን ስም ተቆጣን። ሟቹ በእድር፣ በድንኳን፣ በወግ በማዕረግ እንዲቀበርና በደንብ እንዲለቀስለት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጋሽ ጎበና ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከተለቀሰለት ለምን ይመለሳል?»

እውነት ለመናገር ይህን ያሰበ አልነበረም። አቶ ፊሊጶስ ግን በችግር ጊዜ የሚታዩ ሰው ናቸው። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ለማመስገን!» አሉ።

ጭብጨባው ታች ሱቅ ድረስ ተሰማ። ሟቹ ከጫካ ወርዶ በየቤቱ እያንኳኳ ለቀብሩ የመጡትን ያመሰግናል ማለት ነው። እንዴት ያለ ጨዋ ሟች!

የፊልሙ ዳይሬክተር ሶሬቲ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ስለዚህ ለኮሚቴ ያላት አክብሮት ገና አልበሰለም። «ኧረ በናታችሁ፣ ሆረር እኮ ነው! በምስጋና ማን ይፈራል?»

«ውለታ ያልዋለ ሁሉ» አለ ሀብቶም።

ጋሽ ጎበና መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን መዝገብ ላይ የማሰፍርበት ቦታ አልነበረኝም። «እሺ፣ እንዳላችሁ ይሁን» አሉ። «አንዲት በር ብቻ ተዉልኝ። በአንዲት በር ላይ ሦስቴ ያንኳኳና ‹እንባ አላችሁ?› ይበል። ሌላውን ሁሉ ያመስግን።»

«የሠፈሩን እድር ካስተባበሩልን ይታያል» አሉ አቶ ፊሊጶስ። በቢሮ የሠራ ሰው «ይታያል» ሲባል ምን እንደሚታይ ያውቃል። ጋሽ ጎበና ግን ቢሮ ሠርተው አያውቁምና ደስ ብሏቸው ወረዱ።

የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ አባይነሽ በሕግ የማይቀልዱ ሴት ናቸው። ሶሬቲና እኔ ቤታቸው ሄደን ጉዳዩን ስናስረዳ ሰሙን። ከዚያ መዝገባቸውን ገለጡ። «ድንኳኑን ውሰዱ፤ አግዳሚውንም ውሰዱ። ጥሩንባ ግን ለአባል ብቻ ነው የሚነፋው።»

«ለፊልም እኮ ነው፣ እትዬ» አለች ሶሬቲ።

«ለፊልምም ቢሆን። ዛሬ ለፊልም ከነፋሁ ነገ ለልደት ንፉልን ትሉኛላችሁ። ሟቹን ሆኖ የሚሠራው ማነው?»

«አክተሩ የአያት ሠፈር ልጅ ነው።»

«እንግዲያው አያት ሄዶ ይሙት።»

ይህን የሰሙ ጊዜ ጋሽ ጎበና በማግስቱ ራሳቸው ወይዘሮ አባይነሽ ቤት መጡ። «እኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት አባል ነኝ። ለቀብሩ እኔ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ልተኛ፤ በእኔ ስም ንፉ» አሉ።

«ሟርት ነው፣ ጋሼ!» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ።

«ለአንዲት በር ስል ነው፣ አባይነሽ።»

ማክሰኞ ጠዋት ጥሩንባ ነፊው ሠፈሩን ዞረ። «አቶ ጎበና አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት!» ፊልም መሆኑን የሰማም መጣ፣ ያልሰማም መጣ። ከሾላ ነጋዴዎች መደባቸውን ትተው መጡ። ዳገቱ በነጠላ ነጣ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ይለቀስ ጀመር። ሶሬቲ «ካት!» ብላ ጮኸች። ማንም አላቆመም። እንደገና «ካት! ሲኑ አልቋል!» ብትል አንዲት ሴትዮ «አንቺ ደግሞ፣ ሰው አልሞተብሽም እንዴ?» ብለው ገሠጿት። ደረቱን የሚደቃ አንድ ጎልማሳ ፊልም መሆኑን ብነግረው «አውቃለሁ፣ ወንድሜ፤ እናቴን አስታወሰኝ እንጂ» ብሎኝ ቀጠለ።

ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ባህር ዛፉ ጥላ ሥር ስናሳርፈው ጋሽ ጎበና ውሃ ጠየቁ። ወይዘሮ አባይነሽ ክዳኑን ከፈት አድርገው አጠጧቸው።

«አባይነሽ» አሉ ጋሽ ጎበና በሹክሹክታ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ይወደኝ ነበር እንዴ?»

«ዝም በሉ፣ ጋሼ። ሟች አይናገርም።» ወይዘሮ አባይነሽ ይህን ሲሉ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን መዝገባቸውን አወጡና በቀይ ቀለም «ሞተዋል» ብለው ጻፉ። ጋሽ ጎበና ከሣጥኑ ወጥተው አቧራቸውን እያራገፉ ነበር። እኔ ደነገጥኩ። «ጥሩንባ የተነፋለት ሰው ይመዘገባል» አሉኝ። «‹ለፊልም› የሚል ዓምድ የለኝም።» እንደ ሥርዓታቸውም ማኅተም የተረገጠበት የሐዘን ደብዳቤ ለኮሚቴያችን ጻፉ።

ጋሽ ጎበና ለዓይን ሕክምና፣ መሪ ሠፈር ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ ሰኚ ሄዱ። ደብዳቤው ደግሞ ወደ እኛ መጣ። አቶ ፊሊጶስ ቀረጻ ላይ አይገኙም፤ ሥራን በሪፖርት ነው የሚያዩት። ደብዳቤውን አነበቡና ቆመን የኅሊና ጸሎት እንድናደርግ አዘዙ። ጸሎቱ ሲያልቅ እጄን አወጣሁ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ጋሽ ጎበና አልሞቱም። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።»

«ደብዳቤው ማኅተም አለው» አሉኝ። «አንተ ማኅተም አለህ?»

የለኝም። ተቀመጥኩ።

ቀጥሎም ፊልሙ ለሟቹ መታሰቢያ እንዲሆን፣ ፎቶአቸው ጥቁር ሪባን ታስሮበት አዳራሹ መግቢያ ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ። የበሯ ነገር ተነሣ። ሶሬቲ ቀርጻት ነበር፤ አየኋት፤ ጀርባ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነበረች። ሀብቶም «ቃል የተገባው ለደራሲው ነው፤ ደራሲው ደግሞ አርፈዋል» አለ። በዚህ ጥልቅ አመክንዮ መሠረት በሯ ተቆረጠች።

ሶሬቲ የዚያኑ ዕለት ደወለችላቸው። «ጋሼ፣ ቆረጧት» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው አባበሏት። ከዚያ «ምረቃው መቼ ነው?» አሉ።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት።»

«እኔ እኮ ሰዓት የለኝም፣ ልጄ። ሰኚ ታስታውሰኛለች።»

ቅዳሜ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አቶ ፊሊጶስ ለአርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ፤ መጨረሻ ላይ «ጋሽ ጎበና ዛሬ በአካል ባይኖሩም በመንፈስ አብረውን አሉ» ብለው መሐረባቸውን አወጡ። መብራት ጠፋ። ሟቹ ከጫካ ወረደ፤ አንኳኳ፤ ሲከፈትለት እጅ ነሥቶ «ስለ ቀብሬ አመሰግናለሁ» አለ። ሁለተኛውን ቤት አመሰገነ። ሦስተኛውን አመሰገነ። አራተኛው ላይ ከኋላ አንዱ «ኧረ ምንም አይደል!» አለውና ሰው ሳቀ። ገሚሱ ስልኩን አውጥቶ ነበር። ስድስተኛው ቤት ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የክብር እንግዳ ማንኮራፋት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ የአዳራሹ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሰው የፊልሙ ድምፅ መሰለው። እንደገና ሦስት ጊዜ። አቶ ፊሊጶስ ያረፈደ ባለሥልጣን መስሏቸው ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱና በእጃቸው በሩን ከፈቱ።

ጋሽ ጎበና ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ በር ላይ ቆመዋል። ከጀርባቸው የራሳቸው ፎቶ ከነሪባኑ ይታያል።

«እንባ አላችሁ?» አሉ።

አቶ ፊሊጶስ ከደረታቸው ያወጡትን ድምፅ በፊደል መጻፍ አልችልም። በሩ በጋሽ ጎበና ተይዞ ነበርና ተመልሰው በወንበሮች ላይ እየተረማመዱ ሸሹ። ሀብቶም ስክሪኑን ቀዶ ገባ። አዳራሹ በሙሉ «ወይኔ እናቴ!» እያለ በጎን በር ወጣ። እኔም ሮጥኩ። ሰውዬው በሕይወት እንዳሉ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አለቃ እየሮጠ መቀመጥ ንቀት ነው።

ጫማዬን ልፈልግ ስመለስ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ጋሽ ጎበናና ሶሬቲ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ስንት ሰው ሮጠ?» ይላሉ ጋሽ ጎበና።

«ሁሉም፣ ጋሼ።»

«ኮሚቴውም?»

«ኮሚቴውማ ቀድሞ!»

ሳቁ። እንባቸው በፋሻው ሥር እስኪወርድ ሳቁ። «ሐኪሙ አንድ ወር እንዳታለቅስ ብሎኝ ነበር» አሉ፤ «እንግዲህ ይቆጣኝ።»

ሰኞ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጥን። አጀንዳው አንድ ነበር፦ የታየው ሰው ነው ወይስ መንፈስ? ሰው ነው ካልን፣ ዐቢይ ኮሚቴው ዓይናቸውን ከታመሙ ሽማግሌ ፊት ፈርጥጧል ማለት ነው። መንፈስ ከሆነ ግን መሮጥ የማንም ወግ ነው። በሙሉ ድምፅ መንፈስ ሆኑ። ድጋፉን ያሰማሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ጎበናም ስማቸውን ለማስመለስ እድር ሄደው ነበር። ወይዘሮ አባይነሽ «ከሞቱ ወዲህ በሕይወት ያየዎት ሦስት ምስክር ያምጡ» አሏቸው። ይኸው ሰሞኑን ምስክር ፍለጋ ላይ ናቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷቸዋል፤ ከሶሬቲ በቀር ሰው ናቸው ብሎ የሚፈርም አልተገኘም።

ባለፈው ሐሙስ ሾላ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋቸው። ሰዉ ገለል ብሎ ቀድመው እንዲገቡ ያሳልፋቸዋል፤ ስንት ሰዓት ነው የሚል የለም። ከሰልፉ መሐል አቶ ፊሊጶስ ነበሩ፤ የቢሮው መኪና ጋራዥ ገብታባቸው ነው። ጋሽ ጎበና አዩአቸውና ጠጋ አሉ።

«አቶ ፊሊጶስ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

አቶ ፊሊጶስ ሰዓታቸውን ፈቱና በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ጋሽ ጎበና ተቀበሉ፤ አሰሩ፤ አየት አደረጉት። ከዚያም እጅ ነሥተው «አመሰግናለሁ» አሉ።

ሰብሳቢያችን ሾላ ገበያን አቋርጠው፣ የበርበሬ ማዳበሪያ ዘለው ሲሮጡ በዓይኔ አየሁ። ሶሬቲ ተሳስታ ነበር፤ በምስጋናም ይፈራል። ይመዝገብ።