ዶክተር ማሙሸት የተኛች ሐኪም ሊቀሰቅሱ ፍራሽ ተራ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ መጠይቅ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ የጥናቱ ቀነ ገደብ ለሦስተኛ ጊዜ በተራዘመ በአራተኛው ወር፣ በወርኃ የካቲት፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ሊቀ ሊቃውንት፣ መዝገበ ሠንጠረዥ፣ ፈታሔ ድካም፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ዶክተር ማሙሸት፣ ሐኪም ለመሆን የሚሠለጥኑ ልጆች በሥራ ምን ያህል እንደሚያልቁ፣ ሥራውም በእኩል ይከፋፈላቸው እንደሆነ ሊመረምሩ፣ ከመሳለሚያ ተነሥተው ወደ መርካቶ ፍራሽ ተራ ዘመቱ። ዶክተር መባላቸው ግን የወረቀት ነው። የሚያመኝን ጉልበቴን ላሳያቸው ብዬ ቀሚሴን ከሰበሰብሁ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ወእምዝ ሠራዊታቸው ተቆጠረ፤ በቀኝ ታብሌት የታጠቁ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች፣ በግራ የታብሌቱን ቻርጀር የያዘ አንድ፣ ከኋላ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሲሳደብ የመጣ ሹፌር፣ ከሁሉም ኋላ ከመሳለሚያ የተቀጠረው ተሸካሚ የወሎው ይመር፣ ታብሌቱ ቢዘጋ የሚተካ አራት መቶ መጠይቅ በካርቶን አዝሎ፣ ላቡ እስከ ተረከዙ እየወረደ። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ ስለ ድካም ይጠይቃል፤ ይመርን ግን ደከመህ ወይ ያለው አንድ ሰው የለም።

የዘመቻውም ዓላማ አንዲት ልጅ ነበረች። ሀፍሷ ትባላለች፤ ከወራቤ መጥታ ሕክምና ስትማር ስድስተኛ ዓመቷ ነው፤ እኔ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ አሁን ኢንተርን ሆና ከቤቷ ይልቅ ሆስፒታል ውላ ታድራለች። በዚያች ሐሙስ ሠላሳ ስድስት ሰዓት ቆማ ቆይታ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት መጥታ አልጋዋ ላይ ወደቀች፤ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተመልሳ ትገባለች። ባለፈው ሳምንት በእንቅልፍ ልቧ፣ ከበሽተኛ ባወጣችው መርፌ የገዛ ጣቷን ወግታ፣ አንድ ወር ሙሉ መድኃኒት ዋጪ ተብላ፣ እያቅለሸለሻት ነው የምትሠራው። ስለዚህ ያቺ የስምንት ሰዓት እንቅልፍ ቀልድ አልነበረችም። ማታ የሰው ደም ሥር የምትፈልገው በዚያው እጅ ነው። እኔም የዚህ ዜና ጸሐፊ ቦሰና፣ በርጩማዬን በሯ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

ዶክተር ማሙሸትም ከግቢው በር ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦

«የዚህ ግቢ ነዋሪዎች ስሙ! ስለ ተለማማጅ ሐኪሞች መቃጠልና ስለ ሥልጠናው ፍትሐዊነት እናጠናለን። አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው። ሲያልቅ አንድ ሳሙና ይሰጣል።»

እኔም ከበርጩማዬ ሳልነሣ አዋጅ መለስሁ፦

«ልጅቷ ተኝታለች! ደክሟታል ወይ ላላችሁት፣ አዎ ደክሟታል፣ ጻፉና ሂዱ። እኩል ይሠራሉ ወይ ላላችሁት፣ ለፋሲካ አንቺ ሙስሊም ነሽ ብለው ያስገቧታል፣ ለአረፋ ደግሞ ሰው የለም ብለው ያስገቧታል። አባቱ ትልቅ ቢሮ ያለው ልጅ ግን ሁለቱንም በዓል ቤቱ ሥጋ ይበላል። ይኸው አለቀ፤ ሳሙናውን ለይመር ስጡት!»

ዶክተሩም እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፦

«እትዬ፣ እርስዎ ናሙናው ውስጥ የሉም!»

ናሙና በእኛ ሰፈር ምን እንደሆነ ጋሼ ሙናዊርን ጠይቁ። ከግቢዬ በር አጠገብ ያለው የፍራሽ ሱቅ የሳቸው ነው። ለገዢ የሚያሳዩት መዳፍ የምታህል የስፖንጅ ቁራጭ አለቻቸው፤ ናሙና ማለት እሷ ናት። ገዢ ጨመቅ ያደርጋታል፤ ተጨምቃ ካልተነሣች ይገባዋል። አርባ ደቂቃ አይፈጅም።

ወእምዝ ዶክተር ማሙሸት እኔ በሩን እንደማልለቅ ባዩ ጊዜ ዞረው ወደ መስኮቷ ሄዱ፤ መስኮቷ በጋሼ ሙናዊር ሱቅ በኩል ነው፤ የይመርንም ካርቶን አስወርደው በላዩ ወጡ፤ መጠይቁንም እንደ ነጋሪት ከፍ አድርገው ያዙ። ይህ መቃጠል የሚሉት ቃል ከፈረንጅ ወረቀት የተገለበጠ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ሰው ይደክማል፣ ይዝላል፣ ይሰለቻል፣ ያልቃል። የሚቃጠለው ሱቅ ነው። ዶክተሩም ሰው አክባሪ ናቸውና አንዲቷን ልጅ አንቱ እያሉ፣ በታላቅ ድምፅ ጮኹ፦

«ተቃጥለዋል? በጥቂቱ ተቃጥለዋል? በመጠኑ ተቃጥለዋል? ሙሉ በሙሉ ተቃጥለዋል?»

ጋሼ ሙናዊር ከፍራሹ ክምር ኋላ ሆነው የሰሙት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። በፍራሽ ተራ ይህን ሰምቶ ማነው እነማን ብሎ የሚጠይቅ? እሳቸውም አዋጅ ነገሩ፦

«ያ ጀመዓ! እሳት! ሙሉ በሙሉ ተቃጥለዋል እየተባለ ነው! ፍራሹን አውጡ! መብራቱን አጥፉ!»

በዚያች ሰዓት ፍራሽ ነጋዴው ከነሠራተኛው፣ ጀሪካን ሻጩ ከነጀሪካኑ፣ ሊስትሮው ከነሳጥኑ፣ ዕቃ ሊገዙ የመጡት ከነዘንቢላቸው፣ የእሳት አደጋ መኪና ይጠራ የሚሉ አርባ፣ የሚጠራ ግን አንድም ሳይኖር፣ ሁሉም በአንድነት ወጡ። ዶክተር ማሙሸትም ከካርቶኑ ላይ ተገፍትረው ወደቁ፤ ባለ አንድ ሜትር ከሃያው ስፖንጅ ወደቀባቸው፤ በላዩ ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ወደቀባቸው፤ በላዩ አንድ ባልዲ ውሃ ፈሰሰባቸው። ይመር በእግራቸው ጎትቶ ባወጣቸው ጊዜ ጋሼ ሙናዊር ጭሱን በዓይናቸው ፈልገው አጥተው ነበርና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ዶክተር፣ የተቃጠለው የታል? ወላሂ ሌላ የተቃጠለ የለም! በሉ እኔን ጻፉኝ፤ ሙሉ በሙሉ ተቃጥያለሁ!»

ይህ ሁሉ ሲሆን ከክፍሏ ድምፅ የለም። እኔ ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁ። በሩን ከፍቼ ገብቼ መዳፌን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ። ትተነፍሳለች። አንድ እግሯ ጫማ እንዳደረገ፣ አፏን ከፍታ፣ ታንኮራፋለች። ዶክተር ማሙሸትም ውሃው እየተንጠባጠበባቸው በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ፣ አረጋገጡ፣ ታብሌታቸውን አውጥተው ጻፉ፦

«መጠይቁን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነችም።»

በአሥር ሰዓት ተኩል ስልኳ ጆሮዋ ላይ ሲጮኽ ሀፍሷ ተነሣች፤ ፊቷን ታጥባ፣ ሰግዳ፣ ጋወኗን በፌስታል ይዛ ስትወጣ፣ ዛሬ ደግሞ ሰፈሩ እንዴት ጸጥ ብሎ ዋለ ብላ ሄደች።

እንግዲህ ምስጋና ለዶክተር ማሙሸት ይሁን፤ ድካምን ሁለት ዓመት በሀገሩ ሁሉ አሥሠው፣ ፊታቸው ተጋድማ ስታንኮራፋ አግኝተዋት እምቢተኛ ናት ብለው ለጻፉ! ወረቀቱን የሞላላቸው ሁሉ ነቅቶ የተገኘ ነውና፣ የሐኪሞቹ ድካም መጠነኛ ነው ብለው ለጉባኤ ያነብባሉ፤ ጉባኤውም ያጨበጭባል፤ ምሳም ይቀርባል። ስማቸው ከሊቃውንት መዝገብ አይፋቅ፤ ወንበራቸው አይነቃነቅ፤ ማንም በመስኮት የማይጮኽበት እንቅልፋቸውም ይርዘም።