ስለ ዊኒ ሁለት ነጥብና ናይጀል ስለመለሱት ሻይ

በቢጫው ሶፋ ዘመን፣ ሶፋው በነገሠ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በወርኀ ሜይ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ በሚያለቅስበት ማክሰኞ፣ ምንጣፍ አንጣፊው ናይጀል ሀክስቴፕ፣ ወልደ ሮናልድ፣ ሥዩመ ሎርና፣ መፍቀሬ ሰላም፣ እግራቸውን የረገጣቸውን ሰው ራሳቸው ይቅርታ የሚጠይቁት፣ ስለ ልጃቸው ስለ ዊኒ ሁለት ነጥብ ይግባኝ ሊሉ ተነሡ። ተነሡ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ መነሣት እንዳይመስላችሁ! ሦስቴ ተነሥተው ሁለቴ ተመልሰው ተቀምጠዋል።

የዘመኑ ነገር እንዲህ ነው። ያኔ ሀክስቴፖች ያዘዙት ሰማያዊ ሶፋ ነበር፤ የመጣው ግን ቢጫ፣ ያውም እንደ ሰናፍጭ ያለ ቢጫ! ናይጀልም ሶፋውን ተሸክመው የገቡትን ሁለት ሰዎች አይተው፣ "ኧረ ይሄ የኛ አይደለም" ማለት ሲገባቸው፣ "ወይ ሲያምር! በጣም ነው የማመሰግነው" አሉና ብስኩት ጋበዟቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዓመት የሚቆጠረው በሶፋው ነው፤ ዊኒ የተወለደችው በሁለተኛው ዓመተ ሶፋ፣ ድመቷ የጠፋችው በዘጠነኛው። ደግሞ አይፈረድባቸውም እኮ፣ በዘር የመጣ ነው! አባታቸው ሮናልድ ምግብ ቤት የሌላ ሰው ዓሣ መጥቶላቸው፣ ዓሣ የማይወዱት ሰውዬ፣ ሙልጭ አድርገው በልተው አመስግነው የወጡ ናቸው። አያታቸው ደግሞ ባቡር ተሳስተው ተሳፈሩና፣ ማንንም ላለማስቸገር ብለው የወረዱበት ከተማ አግብተው ቀሩ። ከተማዋም ይቺው ዌክስፎልድ ናት።

ወእምዝ ወደ ዊኒ እንምጣ። ዊኒ፣ ወለተ ናይጀል፣ ሰፋሪተ ዝናብ፣ ዕድሜዋ አሥር ነው፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የዘነበውን ሁሉ በፕላስቲክ ጆግ እየለካች ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ አንድም ቀን አልዘለለችም! በዌክስፎልድ ደግሞ በፈተና ብቻ የሚገባበት የሴቶች ትምህርት ቤት አለ፤ ጣሪያው ላይ የዝናብና የነፋስ መለኪያ አለው፤ ተማሪዎቹ በየጠዋቱ እየወጡ ቁጥሩን ያዩና በከተማው ሬዲዮ ይናገራሉ። ዊኒ በሬዲዮ የምትለውን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስትለማመድ ቤቱ በሙሉ ይሰማታል። ትምህርት ቤቱ "መቶ ሃያ ያመጣች ትግባ" አለ። ዊኒ መቶ አሥራ ስምንት አመጣች።

ለምን? በፈተናው መሃል ከኋላዋ የተቀመጠችውን ጄሳሚ የምትባል ልጅ ነሰራት። ፈታኟ የት ናት፣ አዳራሹ ጫፍ! ዊኒ ብድግ ብላ ልጅቷን ይዛ ወጣች፣ ሶፍት ፈልጋ ሰጠቻት፣ ደሙ እስኪቆም አብራት ቆመች፤ ስድስት ደቂቃ በቃ ሄደ። ቤት መጥታ ለአባቷ ስትነግራቸውም ናይጀል እንዲህ ብለው አወጁ፦ "ጎሽ የኔ ልጅ! ግን ለማንም አትናገሪ እሺ፣ ነገር አናካብድ።" ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ይህቺ አዋጅ ናይጀልን ምንጣፍ ሲቆርጡም ጥርሳቸውን ሲቦርሹም አልለቀቀቻቸውም።

ይግባኙን ሊናገሩ የነበሩት እንኳ እሳቸው አልነበሩም። ሚስታቸው እቴጌ ሎርና ነበሩ፣ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ፣ ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ድምፃቸውን በስልክ ሲሰማ ጥርሱ የሚነቃነቅ! የጄሳሚን እናት ከገበያ አዳራሽ ፈልገው ያገኙ እሳቸው፣ ስድስቱን ደቂቃ በደብዳቤ ያስመሰከሩ እሳቸው፣ ደብዳቤውንም አርባ ሦስት ገጽ ካለው ዶሴ ገጽ አርባ አንድ ላይ የሰኩ እሳቸው። ግን ምን ያደርጋል፣ ንግግሩን ለቢጫው ሶፋ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሲለማመዱ ሰኞ ዕለት ድምፃቸው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ! ከዚያ በኋላ አዋጅ የሚያወጡት በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ በማርከር እየጻፉ ሆነ። የመጀመሪያውም አዋጅ ይህ ነበር፦ "አንተ ትናገራለህ።"

"እኔ? ሎርና፣ በናትሽ!" አሉ ናይጀል።

"ይቅርታ የምትል ቃል ካወጣህ ወየውልህ" አለ ሰሌዳው።

"እሺ፣ ይቅርታ።"

የሎርና እናት፣ አያት ቤሪልም ከቢጫው ሶፋ ላይ ሆነው አወጁ፦ "አልቆልናል! በቀደም እኮ ከመስታወት በር ጋር ተጋጭቶ 'ይለፉ፣ ይለፉ' ሲለው ነበር።"

ወበይእቲ ዕለት የዘመተው ሠራዊት ይህ ነው፦ ከፊት ናይጀል፣ ለሠርግና ለቀብር የምትወጣዋን ከረባት አስረው፤ ቀጥሎ እቴጌ ሎርና ከነሰሌዳቸው፤ ከኋላ ዊኒ ከነጆጓ፤ ከእሷ ጎን አያት ቤሪል፣ አይብና በኮምጣጤ የተነከረ ሽንኩርት ያለበትን ሳንድዊች ለአንድ ሳምንት ከበባ የሚበቃ አድርገው ይዘው፤ ከሁሉ ኋላ ማንም ያልጠራው ጥቅል ምንጣፍ፣ ከመኪናው ሳይወርድ የቀረ። "ሀክስቴፕ ምንጣፍ፣ እግርዎ ያመሰግነናል" የሚል በተጻፈባት ነጭ መኪና ተጭነው ወደ ጎልፍ ክለቡ አዳራሽ ዘመቱ። ይግባኝ የሚሰማው እዚያ ነዋ! ቅዳሜ ሠርግ ነበረበትና የተነፈሱ ፊኛዎች ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል። ልጅ አይገባም ስለተባለ ዊኒና አያት ቤሪል ውጭ ቀሩ።

የጉባኤው ሰብሳቢ ወይዘሮ ካተርሞል፣ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም፣ ከሁለት ዝምተኛ ዳኞች መሃል ተቀምጠዋል። ጸሐፊው አቶ ቶልኸርስት መጡና "ሻይ ልስጥዎት?" አሉ። "ካላስቸገርኩ፣ ወተት ያለው፣ ያለ ስኳር" አሉ ናይጀል። ሻዩ መጣ። ናይጀል ፉት አሉት። ስኳር! ያውም ሦስት ማንኪያ! ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ ግን "እንዴት ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ" አሉ። የአያት ባቡር! የአባት ዓሣ!

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ሚስ ኦክስሌድ ተነሥተው አወጁ፦ "ክፍሎቹ ሞልተዋል። መግቢያው መቶ ሃያ ነው፣ መቶ አሥራ ስምንት መቶ ሃያ አይደለም። እናዝናለን።"

"እውነትዎን ነው፣ በደንብ ነው ያስረዱት" አሉ ናይጀል። ሎርና ከጎናቸው ሰሌዳውን አነሡ፦ "ገጽ 41!"

"ሌላ የሚሉት አለ አቶ ሀክስቴፕ?" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ኧረ ሥራ እንዳላስፈታችሁ። ይቅርታ፣ ዶሴው ስለበዛ ይቅርታ፣ ከረባቴም ትንሽ..."

"ገጽ 41!!" አለ ሰሌዳው።

ናይጀል ዶሴውን አዩት። አርባ አንድን መክፈት እኮ "ፈታኟችሁ አላየችም" ማለት ነው። ሰውን ፊት ለፊት እንዴት እንዲህ ይባላል? ዓሣውን ማን መለሰ? ሶፋውን ማን መለሰ?

"እንግዲህ ውሳኔው ልክ ነበር ብለው ይቀበላሉ?" አሉ ወይዘሮ ካተርሞል፣ እስክሪብቶአቸውን ከፍተው።

"አዎ፣ አዎ፣ በጣም ልክ ነው!" አሉ ናይጀል፣ ሰው ላለማስቀየም እንዳመጣላቸው።

ወይኔ! ከጣሪያው አንዱ ፊኛ ወረደ። እቴጌ ሎርና ያልታጠበ ጥርስ እንኳ አይተውበት በማያውቁት ዓይን ባላቸውን አዩአቸው፤ ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ምንም ሳይጽፉበት ቀሩ። ይሄ ከሁሉም ይብሳል!

ናይጀልም የሚያዩበት ቢያጡ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ ዊኒ ጆጓን ሣሩ ላይ አስቀምጣ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ የጠዋቱን ዝናብ እየጠበቀች ነው። አንድ የጎልፍ ተጫዋች ጋሪውን እየገፋ መጣ፤ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል እዚያው ጆጉ ላይ! ጆጉ ተገለበጠ። የጠዋቱ ዝናብ በሙሉ ፈሰሰ። በአራት ዓመት አንድ ቀን ያልዘለለው ደብተር! ዊኒ ግን ብድግ አለች፣ ባዶውን ጆግ አቀፈች፣ ለሰውየው ፈገግ አለች፤ ከመስታወቱ ማዶ ድምፅ ባይሰማም ናይጀል ከከንፈሯ አነበቡት። "ይቅርታ።"

ያ ፈገግታ የናይጀል ፈገግታ ነው። ሶፋው የገባ ቀን የፈገጉት፣ ቁርጥ እሱ!

ወሶበ ርእየ ዘንተ፣ ናይጀል ወልደ ሮናልድ ስኒውን አነሡ። ከሀክስቴፕ ዘር ማንም አድርጎት የማያውቀውንም አደረጉ፦ "አቶ ቶልኸርስት፣ ይሄ ሻይ ስኳር አለው። እኔ ያለ ስኳር ነበር ያልኩት። ይለውጡልኝ።"

መለሱት! ሻዩን መለሱት! አንደኛው ዝምተኛ ዳኛ መነጽሩን አወለቀ። ሎርና ማርከሩን ጣሉት። ናይጀል ጣሪያው እስኪወርድ ጠበቁ፤ አልወረደም። አቶ ቶልኸርስት "ውይ! ታዲያ ምነው ወዲያው ቢነግሩኝ!" ብለው ስኒውን ይዘው እየሮጡ ሄዱ። በቃ። ይኸው ነው። ማንም አልሞተም!

"ምነው ወዲያው ቢነግሩኝ" የምትለዋን ቃል ናይጀል በአፋቸው ውስጥ አገላበጧት፤ ከሻዩ ትጣፍጣለች።

"ወይዘሮ ካተርሞል፣ ቅድም ልክ ነው ያልኩት ልክ አይደለም" አሉ ቆመው። "ገጽ አርባ አንድን ይክፈቱልኝ።"

ወረቀት ተገላበጠ። ሰብሳቢዋ የጄሳሚን እናት ደብዳቤ ሁለቴ አነበቡት። "ስድስት ደቂቃ? ታዲያ ልጅቷ ያን ዕለት ለምን አልተናገረችም?"

"እኔ ነኝ አትናገሪ ያልኳት። ነገር አታካብጂ አልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነጥቡ ግን የሷ ነው። ስድስት ደቂቃ ሰጥታ ሁለት ነጥብ ነው የጎደላት። ልጄ ይሄ ቦታ ይገባታል።" ይህን ብለው ተቀመጡ፤ ይቅርታም አላሉ! ሎርና ሰሌዳውን አነሡ። ቃል የለበትም፣ ልብ ነው የሣሉበት፣ ትንሽ ጠማማ ልብ።

በሰባተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ፦ ይግባኙ ጸድቋል፣ ዊኒ ትገባለች! አያት ቤሪል አለቀሱ። የሎርና ድምፅ በጩኸት ተከፈተ፤ ጎረቤት በሙሉ ሰማ። ናይጀልም በድል ሰክረው ስልክ አነሡና፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሶፋውን ሊመልሱ ደወሉ። ሱቁ ግን ከተዘጋ ስምንት ዓመቱ፤ ቁጥሩ አሁን የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ሴትዮዋ በጣም ደስ የምትል ሆነች። ናይጀልም ላለማስቀየም ቀጠሮ ያዙ።

እንግዲህ ዊኒን ዩኒፎርም ሊያስለኩ ሲሄዱ ፀጉራቸው ተጠቅልሎ፣ እንደ በግ ጠጉር ከርዳዳ ሆኖ፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተቱ ነበር። ሻጯ ለዊኒ ኮት አለበሰቻት፤ እጅጌው ጉልበቷ ጋ ደረሰ! "ትደርስበታለች፣ ልክክ ብሏል" አለች ሻጯ። ናይጀል አፋቸውን ከፈቱ፤ "በጣም ያምራል" የምትለዋ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፣ እውነቴን ነው! ግን ዊኒ ቀደመቻቸው።

"አይ፣ ይሄ ልኬ አይደለም" አለች። "ይሄን ለብሼ ጣሪያ ላይ መውጣት አልችልም። ትንሹን ትሰጭኝ?"

ሻጯም ትንሹን አመጣች።

ናይጀል ወደ ካልሲው መደርደሪያ ዞረው አለቀሱ፤ ከርዳዳው ፀጉራቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሀክስቴፕ ቤት ዘመነ ሶፋ አበቃ፣ ዘመነ ሻይ ሆነ። ሶፋው አሁንም አለ፣ ቢጫ ነው፤ ንግሥናው ግን ተሽሯል፣ ተራ መቀመጫ ሆኗል። እናንተም በዌክስፎልድ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ስትከፍቱ፣ ጥርት ባለ ድምፅ የዝናቡን ልክ የምትናገር ልጅ ብትሰሙ፣ ያቺ ዊኒ ናት፣ ወለተ ናይጀል፤ የሻይ መላሹ የናይጀል፣ የገጽ አርባ አንድ ከፋቹ የናይጀል፣ የባለ ከርዳዳ ዘውዱ የናይጀል፣ አንዴ፣ በሕይወታቸው አንዴ፣ ይቅርታ ሳይሉ የተቀመጡት ሰው ልጅ!