«ደህና» ተብሎ የተጻፈ ክንድ

ሰላምታን እንደ ምርመራ የሚቆጥር ነርስ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መንዝ ውስጥ አንዱ ገጥሞኝ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

አጎቴ መሪጌታ ከፈረስ በወደቁ በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤት ቢቆጣኝ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሱ ከቅጹ ቀና ሳይል «አባቴ፣ እንዴት ነዎት?» አለ። አጎቴ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። እሱም «ደህና» ብሎ ጽፎ አሰናበተን! የመንዝ ሽማግሌ እኮ ነፍሱ እየወጣችም ለሰላምታ ሌላ መልስ የለውም!

በንዴት በርኖሱን ገለጥኩት። እናንተዬ፣ ክንዳቸው አብጦ ጭን አክሏል!

ነርሱ ክው ብሎ «ምነው ሳይነግሩኝ?» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ሰላም አልከኝ፣ ሰላም አልኩህ። ሕመሜን መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉት።

ነርሱ ላይ ልጮህ የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁት። ሁለት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ብዬ፣ «ደህና» ሲሉኝ ወደ ሥራዬ የሄድኩት እኔ አይደለሁ?