ሳንጣላ ታረቅን

ስለ ትዳር ሲወራ ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ባልና ሚስት ለመጣላት መጀመሪያ መገናኘት አለባቸው። እኔና ባሌ ደሳለኝ ለረጅም ጊዜ አንድም ክፉ ቃል ሳንነጋገር የኖርነው ጨዋ ሆነን እንዳይመስላችሁ። ጊዜ አጥተን ነው።

ደሳለኝ እዚሁ ላሊበላ አንድ ሆቴል የሌሊት ጥበቃ ነው። ጠዋት ከጥበቃው ሲወጣ ቤት አይመጣም። ግንባታ ቦታ ሄዶ እስከ ምሳ ሲሚንቶ ያቦካል፤ ከዚያ ገብቶ ይተኛል። እኔ ደግሞ ጠዋት የሌላ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሁለት ፔንሲዮኖች ዞሬ የእነሱን አጥባለሁ። ቤት የምገባው እሱ ለጥበቃ ሲወጣ ነው። የምንገናኘው ታዲያ የት ነው? ቁልቁለቱ ላይ! እሱ ሲወጣ፣ እኔ ስወርድ።

የቤታችን ቁልፍ አንድ ነው። ጠዋት ከታች ካለው ከአያ ሰይድ ሱቅ አስቀምጬው እሄዳለሁ፤ ደሳለኝ በምሳ ሰዓት ይወስደዋል፤ ማታ ቁልቁለቱ ላይ ይሰጠኛል። ሁለተኛ ቁልፍ አታስቀርጹም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ብናስቀርጽ ኖሮ ጭራሽ ሳንተያይ እንቀር ነበር! በቁልፉ ሰበብ ቆም እንላለን። "ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው" ይለኛል። "ውሃ ዛሬም አልመጣም ወይ?" እለዋለሁ። "በይ ደህና እደሪ።" በቃ፣ የዚያን ቀን ትዳራችን ይቺው ናት።

ድካሙን ምኑን ልንገራችሁ? አንድ ጊዜ ለቅሶ ደረስኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ግድግዳውን ተደገፍኩና እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። "እንዴት ያለች አንጀቷ የራራ ናት፣ አንገቷን እንደደፋች ዋለች" ተባለልኝ። ስነቃ የሟች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ እኔን ታጽናናኛለች። ምን ልበላት? አብሬያት አለቀስኩ።

የደሳለኝ ይብሳል። ፀጉሩን ሊስተካከል ገብቶ ወንበሩ ላይ ተኛላችሁ። ፀጉር አስተካካዩ "ይበቃል ወይስ ልቀጥል?" እያለ ሲጠይቀው፣ ይሄ በእንቅልፉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ነቀነቀ፣ ተላጨ፤ ነቀነቀ፣ ተላጨ። ማታ ቁልቁለቱ ላይ አንድ መላጣ ሰው መጥቶ የቤቴን ቁልፍ ዘረጋልኝ። "የባሌን ቁልፍ ከየት አመጣኸው?" ብዬ ጮህኩ። ሰው ተሰበሰበ። ባሌ መሆኑን አያ ሰይድ ከሱቃቸው ወጥተው መሰከሩልኝ።

ለዚህ ሁሉ ያበቃን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፣ ሆቴሎቹ አንሶላ የሚያጥብ ያጣሉ። "ለምን የራሳችንን ላውንደሪ አንከፍትም?" ተባባልን። ከአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበደርን። አያ ሰይድ ዋስ ሆነው ፈረሙልን። ማሽኑ ከደሴ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ጎረቤት በእልልታ ነው የተቀበለው፤ ሙሽራ እንጂ ማሽን አይመስልም ነበር። ከዚያ ጊዜው ተበላሸ። እንግዳው ቀረ። መብራቱ ጠፍቶ ከረመ። ሁሉም ቀስ በቀስ ሲመለስ ደግሞ ውሃው በፈረቃ ሆነ። ውሃ ሲመጣ መብራት የለም፣ መብራት ሲመጣ ውሃ የለም። ማሽኑ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ የማሽኑን ዕዳ ለመክፈል በእጄ አጥባለሁ።

ዕዳው ላይ ሁለታችን አንድ አልነበርንም። ደሳለኝ ያገኘነው ሁሉ ወደ ዕዳው ይግባና እንገላገል ይላል። እኔ ደግሞ ትንሽም ቢሆን በእጃችን ትቅር እላለሁ። ግን ስለዚህ ለመከራከር ቁልቁለቱ አጭር ነው! አንድ ቀን "ስለ ገንዘቡ..." ብዬ ስጀምር "ሰዓት ረፍዶብኛል" ብሎኝ ሄደ። እኔም ከሆቴሉ ሴቶች ጋር ዕቁብ ገባሁ። ደበቅሁት እንዳልላችሁ። የምነግርበት ጊዜ ነው ያጣሁት።

እንዲህ ባለንበት ሰሞን አማቴ እማማ ስንዱ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ካለው አገራቸው ዐይናቸውን ሊታከሙ መጡና እኛ ቤት አረፉ። ሐኪሙ ጠብታ ሰጣቸው። ዐይናቸው እየጠራ ሲሄድ ቤታችንን ማየት ጀመሩ። ልጃቸው ሲገባ ምራታቸው የለችም። ምራታቸው ስትገባ ልጃቸው የለም። አንድ ገበታ ላይ አብረን ስንበላ አንድ ቀን እንኳ አላዩም።

ወደ እኔ መጡ። "ልጄ፣ ምን አድርጎሽ ነው?"

"ኧረ ምንም አላደረገኝ እማማ። ደክሞኝ ነው እንጂ።"

እሳቸው ግን ትዳሩ መሯታል ብለው ተረዱት። ወደ ልጃቸው ሄዱ። "ከሚስትህ ጋር እንዴት ናችሁ?"

"እኔና እሷ? መቼ ተገናኝተን እናውቅና!" አላቸው፣ ብርድ ልብሱን እየተከናነበ።

እማማ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የንስሐ አባታችንን አባ ተክሌን ያዙ። ሲመለሱ ሱቅ ጎራ ብለው አያ ሰይድን ያዙ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችሁም ቤት እንድትገኙ የሚል መልእክት ደረሰን።

የሆቴላችንን ሥራ አስኪያጅ ፈቃድ ልጠይቅ ገባሁ። ወጣት ነው፣ ስልኩ ከጆሮው አይወርድም። ለፈቃድ ብዙ ጊዜ ተለማምጬው እሺ ብሎኝ አያውቅም። "ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ነው" ስለው ግን ስልኩን አስቀመጠው። "ውይ! ተጣላችሁ እንዴ? ሂጂ፣ ሂጂ፣ ትዳር ቀልድ አይደለም" አለኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ደከመኝ ያለ ፈቃድ አያገኝም፤ የተጣላ ግን ያገኛል።

ደሳለኝም ከባልደረባው ጋር ተራ ተለዋወጠ። እሁድ ከምሳ በኋላ ሁለታችንም ቤት ተገኘን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ። ቀሚሴን ቀይሬ ነበር። እሱም ያችኑ በቅጡ ያልበቀለች ፀጉሩን ቅባት ነክቷታል። እንደ አዲስ እጮኛ ተሽኮረመምን። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ "አልተጣላንም ብለን እንንገራቸው?" አልኩት በሹክሹክታ። "ዝም በይ" አለኝ። "ከነገርናቸው ይሄዳሉ። ከሄዱ እማማ ሥራ ታዘናለች። እስኪያስታርቁን አረፍ እንበል።"

አባ ተክሌ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ሰሌኑ ላይ። ምክሩን ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩት። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ከገነት ሳይባረሩ ደሳለኝ ተኛ። እኔም ትከሻው ላይ ደገፍ አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የአያ ሰይድን ድምፅ ነው። "አባ፣ እነዚህ ልጆች የታረቁ አይመስልዎትም?"

እማማ ስንዱ ቀሰቀሱን። "ነውር አይደለም? ሽማግሌ ቁጭ አድርጋችሁ!"

አባ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ። "በይ ብርቱካን፣ የሆድሽን አውጪ።"

"ምንም የለኝም አባ።"

"አዩአት? ይሉኝታ ይዟት ነው" አሉ እማማ።

ጨነቀኝ። ሰው ደክሞ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስ ብዬ ፈለግሁ፣ ፈለግሁና "ጫማውን በር ላይ ይተወዋል፣ ያደናቅፈኛል" አልኩ።

አባ ቅር አላቸው። "ይቺ እንኳ ለእርቅ አትበቃም። ሌላ ፈልጊ።"

ደሳለኝ ሊያግዘኝ ፈለገ መሰለኝ፣ ጣልቃ ገባ። "እኔ እንኳ አንዳንዴ ዕዳውን ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኛል" አለ። በዐይኑ ጠቀሰኝ ደግሞ። ለጨዋታው ብሎ እንደተናገረው አውቃለሁ። ግን እጄን አየሁት። ጣቶቼ በበረኪና ተሰነጣጥቀው ጨው እንኳ አያስነኩኝም።

"ብቻህን? ብቻህን አልከኝ? ደመወዜን አምጥቼ እጅህ ላይ አላስቀምጥም? የሦስት ቤት አንሶላ እያጠብኩ፣ በዚያ ላይ ዕቁብ እየጣልኩ..."

ደሳለኝ ከሰሌኑ ቀና አለ።

"የምን ዕቁብ?" አለ ደሳለኝ። አሁን አይጠቅስም።

ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ ወገቤ እየተቆረጠ ሲሚንቶ ሳቦካ አንቺ ገንዘብ ነበረሽ? ባለፈው ክፍያው ሲጎድል፣ ጊደሯን እስክሸጥ ድረስ ዝም ብለሽ..." አፉን በእጁ ያዘ። ግን አምልጦታል።

"የትኛዋን ጊደር?" አሉ እማማ ስንዱ።

እማማ ለልጃቸው የሰጡት ጊደር ነበረች። ኮን አካባቢ ዘመድ ዘንድ ሆና ትረባለች ብለው ነው የሚያውቁት። ከመጡ ጀምሮ ወልዳ ይሆን እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ እሱ ደግሞ "ደህና ናት" ይላቸው ነበር። እሷን መሸጡን እኔም ገና መስማቴ ነው።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል? እማማ ልጃቸው ላይ ጮኹ። ደሳለኝ እኔ ላይ ጮኸ። እኔ በሁለቱም ላይ ጮህኩ። ማሽኑን ግዛ ያለኝ ማን ነው፣ ጊደሯን ስትሸጥ ማንን አማከርክ፣ አንቺስ ማንን አማከርሽ። ጎረቤት በር ላይ ቆመ። በዚህ መሐል አያ ሰይድ ወደ አባ ተክሌ ጠጋ ብለው "ወላሂ አባ፣ ስንመጣ ደህና ነበሩ" ሲሉ ሰማኋቸው።

አባ መስቀላቸውን አወጡ። ጸጥ አልን። አሁን የእውነት ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ገንዘቡን ለምን ፈለግሽው?"

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ተናገርኩ። መብራቱም እንግዳውም በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ደሳለኝ ሥራ ፍለጋ ወልድያ ሄዶ ሳለ፣ ታምሜ ተኝቼ መድኃኒት የምገዛበት አንድ ብር ቤቴ ውስጥ አልነበረም። ከጎረቤት ልበደር ብነሳ፣ ጎረቤቱም እንደኔው ነው። ያኔ ለራሴ ቃል ገባሁ። ዕዳ ኖረ አልኖረ ሁለተኛ ባዶ ቤት ውስጥ አልተኛም አልኩ። "ዕቁቡ ለምንም አይደለም አባ። እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው።"

ደሳለኝ ወደ መሬት አየ። "እኔ ደግሞ አያ ሰይድን ነው የምፈራው" አለ። "ዋስ የሆኑልን እሳቸው ናቸው። እኛ መክፈል ቢያቅተን ሱቃቸው ነው የሚሄደው። ቁልፍ ልወስድ በገባሁ ቁጥር ቀና ብዬ አላያቸውም።"

አያ ሰይድ ተገረሙ። "እኔ ደግሞ አንገትህን የምትደፋው እንቅልፍ ይዞህ ይመስለኝ ነበር።"

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ ነው የሳቅሁት። አያ ሰይድ ቀጠሉ። "አሁን እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ዋስ ልናገር። ማኅበሩ በየወሩ የሚፈልገውን ክፈሉ እንጂ ከዚያ በላይ ማን አስጨነቃችሁ? እኔ ቸኩያለሁ አልኩ? እናንተ ሞታችሁ ዕዳው ቢያልቅ ለእኔ ምን ይረባኛል?"

ፍርዱን ግን የሰጡት እማማ ስንዱ ናቸው። ዕቁቡ ሲወጣ አብዛኛው ለዕዳው ይግባ፤ ጥቂቷ እኔ እጅ ትቅር፣ ስንት እንደሆነች ግን ሁለታችንም እንወቅ። እሱ ሲሚንቶውን ይተው። እኔ አንዱን ፔንሲዮን ልተው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ቤት እንዋል። "ጊደሬን ደግሞ ዕዳው ሲያልቅ ትተኩልኛላችሁ፣ እሷን አልማርኩም" አሉ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን፣ የእማማን ጉልበት ሳምን። አባ ተክሌ ሲወጡ ላባቸውን እየጠረጉ እንደዚህ ያለ ከባድ እርቅ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ለእማማ ነገሯቸው።

ዕዳው ደሳለኝ ካሰበው ዘግይቶ፣ እኔ ከፈራሁት ቀድሞ አለቀ። የመጨረሻውን ከፍለን ስንመለስ አያ ሰይድ አንድ ኪሎ ስኳር መርቀው ሰጡን። አሁን ለጊደሯ እያጠራቀምን ነው። እማማ በሰው በሰው ጥጃ እንደማይቀበሉ ልከውብናል።

የእኛ ነገር በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን ወሬው ሆቴሉ ውስጥ ተሰማ። መጀመሪያ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ከባሏ ጋር ሽማግሌ ፊት ልትቀርብ ነው ብላ እሁድን ፈቃድ ወሰደች። ቀጥሎ ወጥ ቤቱ፣ ቀጥሎ እንግዳ ተቀባዩ። አባ ተክሌ ከቅዳሴ መልስ ምሳ የሚበሉበት ጊዜ አጡ፤ በየቤቱ መዞር ሲከብዳቸው ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን አንጥፈው ሁሉንም አንድ ላይ ይመክሩ ጀመር። ሥራ አስኪያጃችን "እዚህ ሆቴል በሰላም የሚኖር ባልና ሚስት የለም?" እያለ ሲጮህ ከረመ።

ባለፈው ሳምንት አንሶላ ሳሰጣ ራሱ ወደ እኔ መጣ። ዐይኑ ቀልቷል። ስልኩን ኪሱ ከተተና ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አባ ተክሌ እሁድ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጀምሩ ጠየቀኝ።

"ከምሳ በኋላ ነው" አልኩት። "ግን ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ከረፈደ ጋደም የሚባልበት ሰሌን አይገኝም።"