እናቴ በዘንቢል ይዛት የዞረችው ስቶሬጅ

ዛሬ ጠዋት በአሥራ አምስት ሰው ፊት የሆንሁትን ልንገራችሁ። ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ አንብባችሁ ስትጨርሱ እናታችሁ ጋ ትደውላላችሁ።

እንደምታውቁኝ ብዙ ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም። አንድ ኮሜንት ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ የማጠፋ ነኝ።

ይሄን ግን ለብቻዬ መያዝ አልቻልሁም።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ ጀልባ ሠሪ ነው። ጣና ላይ የምታዩአቸውን የእንጨት ጀልባዎች ይሠራል፤ የአያቴም ሥራ ይኸው ነበር። አንድ ጀልባ አልቆ ውኃ ላይ በወረደ ቁጥር አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። የሠርጉ ፎቶ የት እንዳለ አያውቅም። የጀልባዎቹን ግን በአንድ ወፍራም አልበም ሰድሮ፣ አልበሙን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ያስቀምጣል።

ደንበኛ ሲመጣ ፌስታሉ ይወርዳል። አባ ብዙ አያወራም። (በማን እንደወጣሁ ገባችሁ?) አልበሙ ነው የሚያወራለት።

ባለፈው ክረምት ጣራው አፈሰሰ።

አራት ፎቶ ተበላሸ። አባ አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። ሲደርቁ እሱ በፎቶው ላይ አለ፣ ጀልባው የነበረበት ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ባዶ ነገር አጠገብ ኮርቶ የቆመ ሰው! እሱንም መልሶ አልበሙ ውስጥ አስገባው።

ያን ቀን ወሰንሁ። የቀሩትን ስካን አድርጌ፣ ስልኬ ላይ ካሉት ቪዲዮዎች ጋር የማይጠፉበት ቦታ አኖራቸዋለሁ አልሁ።

እናም ስቶሬጅ መምረጥ ጀመርሁ።

ሦስት ወር።

ኢንተርኔት ላይ በየወሩ እየከፈሉ የሚያስቀምጡበት መኖሩን አውቃለሁ። ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም፤ ቢኖረኝም አንድ ወር ሳልከፍል ብቀር የአባ ጀልባዎች ምን ይሆናሉ እያልሁ መጨነቄ አይቀርም። የፈለግሁት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከራውተሩ ጋር የሚገናኝ፣ የትም ሆነን በስልክም በላፕቶፕም የምንከፍተው ሳጥን ነው።

ሰንጠረዥ ሠራሁ። ባለ አንድ ዲስክ ይሁን ባለ ሁለት? (ባለ ሁለት። አንዱ ቢሞት ያው ቅጂ ሌላው ላይ አለ።) መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ ይነሳል? ከሩቅ ለመክፈት የራሱ አፕ አለው ወይስ የራውተሩን ሴቲንግ መነካካት ያስፈልጋል? ድምፁስ? እማ ሶላት ላይ ሳለች ቢያንጎራጉርባትስ?

የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫው ደጃፍ ላይ ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በአራተኛው ገባሁ።

"ለፎቶ ከሆነ ፍላሽ ይበቃሻል እህቴ" አለኝ ሻጩ።

"ከሩቅ የሚከፈት ነው የምፈልገው።"

"ከሩቅ ምን ያስኬድሻል?"

አመስግኜው ወጣሁ። ሳጥኗን አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ ገዝቶ ላከልኝ።

አሁን ጥንቃቄዬን እዩልኝ። ለመብራቱ መዋዠቅ ስታብላይዘር። ለሌባ ፓስወርድ። ለጣራው ማፍሰስ ከግድግዳው መሀል፣ ምንም የማይንጠባጠብበት መደርደሪያ። ስካን ያደረግሁትን ሁሉ ጭኜባት ላፕቶፔ ላይ የነበረውን ቅጂ ሳይቀር አጠፋሁት፤ ሁሉም በሥርዓት አንድ ቦታ ይሁን ብዬ።

ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ አስቤያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያላሰብሁት።

እማን።

የባሕር ዳርን ሰማይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሐይቁ ማዶ ትንሽ ካጉረመረመ የኛ እናቶች ይነሳሉ። ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ፍሪጁ ይነቀላል፣ ስልክ ቻርጅ ላይ ካለ ይነቀላል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን ይለብሳል። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን በመብረቅ ከተቃጠለ ወዲህ እማ ነጎድጓዱን እንኳ አትጠብቅም፤ ደመና ይበቃታል።

ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሳጥኗ የመጣች ዕለት ቁጭ አድርጌ አስረድቻታለሁ።

"እማ፣ የአባ ጀልባዎች በሙሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ይቺ ካለች የትም ሆነን እናያቸዋለን። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ይቺን ነው የምታወጪ።"

"እሺ" አለችኝ።

እሺ ስትለኝ ደስ አለኝ። የዋህ ነኝ!

ወደ ዛሬው ልምጣ። አንድ የአሣ አስጋሪዎች ማህበር ያረጁ ጀልባዎቹን ሊቀይር ነው። ስድስት ጀልባ። ለአባ ስድስት ጀልባ ማለት የዓመት ሥራ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ አንድም ትእዛዝ አልመጣለትም። ሰው ሁሉ ወደ ፋይበር ጀልባ ዞሯል። ማህበሩ አባንም የፋይበር ጀልባ ሻጩንም "መጥታችሁ ሥራችሁን አሳዩን" ብሎ ጠራ።

ልንወጣ ስንል አባ የጁምዓ ጃኬቱን ለብሶ፣ ፌስታሉን በብብቱ ይዟል።

"አባ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር። በፕሮጀክተር እኮ ነው የምናሳያቸው" አልሁት።

"ሳጥኗን ታዲያ አትይዣትም?"

"ቤት ሆና ነው የምትከፈተው። ለዚህ ነው የገዛኋት።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ፌስታሉን ቦታው መለሰ።

"ለምን ላፕቶፕሽ ላይ አልገለበጥሽውም?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነቱን ልናገር? ጉራ ነው። አንድ ጊዜ በሕይወቴ ሰው ፊት ቆሜ "ይኸው፣ ፎቶዎቹ ቤታችን ናቸው፣ እኛ ደግሞ እዚህ ነን" ልል ፈለግሁ። ንግግሬም ይቺው ብቻ ነበረች። ሌላውን ፎቶዎቹ ይናገሩልኛል ብዬ።

አዳራሹ ከሐይቁ ዳር ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ኑሩ ከፊት ተቀምጠዋል። የፋይበሩ ሰውዬ ቀድሞ አቀረበ፤ ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ጀልባ፣ ሁሉ ነገር።

ከዚያ እኔ። ላፕቶፔን ሰካሁ፣ ንግግሬን ተናገርሁ፣ አፑን ተጫንሁ።

"ዲቫይሱ ኦፍላይን ነው።"

በፕሮጀክተር። ግድግዳውን ሞልቶ።

እንደገና ተጫንሁ። ኦፍላይን። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፤ አሥራ አምስት ሰው የስክሪኔን የጀርባ ፎቶ አየ። የማህበሩ ጸሐፊ ሰኢድ "ኔትወርኩ ግን ይሠራል፣ እኔ ቪዲዮ እያየሁ ነው" አለ። ዝም ቢል ምን ነበረበት?

አባ ጫማውን እያየ ነው። እጁ ባዶ ነው። ፌስታሉን የሚይዝበት እጁ።

"ቤት ሰው የለም ልጄ? ደውያ" አሉኝ ጋሽ ኑሩ። "ላውድ አድርጊው፣ እኛም እንስማ።"

ደወልሁ።

"እማ፣ ሳጥኗ ምን ሆነች?"

"ምን ትሆናለች? ደህና ናት።"

"መብራት ሄደ እንዴ?"

"እኔ ያለሁበት አለ።"

"የት ነሽ?"

"ዘንዘልማ ነኛ። ዘይነባን አራስ ልጠይቅ መጥቼ።"

ዘንዘልማ፣ የዘመዳችን የዘይነባ ቤት ያለበት፣ ከከተማ ውጭ ነው።

"እና ሳጥኗ እማ?"

"ዘንቢሌ ውስጥ ናት።"

ሰኢድ የሚያየውን ቪዲዮ አቆመ።

"ሰማዩ ሲያጉረመርም ነቀልኋት። ብቻዋን ቤት ትቻት ልምጣ? የአባትሽ ጀልባ በሙሉ ውስጧ ነው ያልሽ አንቺ አይደለሽ?"

"ነኝ፣ ግን..."

"ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ ይቺን አውጪ አላልሽም?"

"ብያለሁ..."

"ይቺ ካለች የትም ሆነን እናያለን አላልሽም? ይኸው አለች። በዳንቴል ጠቅልያታለሁ።"

ሰኢድ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። የፋይበሩ ሰውዬ እንኳ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አዳራሹ ግን ሲሚንቶ ነው።

ጋሽ ኑሩ እንባቸውን ጠርገው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "አሰላሙ አለይኩም እህታችን። ኑሩ ነኝ። ጀልባዎቹን ማየት ፈልገን ነበር።"

"ወአለይኩሙ ሰላም ጋሽ ኑሩ። ጀልባ ለማየት ታዲያ ሳጥን ምን ያደርጋል? ሐይቁ እደጃችሁ አይደል?"

ሰዎቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ያቺ አፍንጫዋ አረንጓዴ የሆነች የእርስዎ ጀልባ፣ የማን ሥራ ናት?" አለች እማ።

"ከሟች ወንድሜ ነው የደረሰችኝ። ማን እንደሠራት አላውቅም።"

"የኛ ናት። ለወንድምዎ የተሠራች ጊዜ ይቺን ልጅ ገና በሆዴ ይዣት ነበር። ካላመኑኝ ወጥተው ከኋላኛው መቀመጫ ሥር ጎንበስ ይበሉ። ውኃ እንዳይገባ በጣውላዎቹ መሀል የተወተፈውን ጨርቅ ይዩት። ቀይ አበባ ያለበት ነው።"

ሁሉም ተነሳ። ፕሮጀክተሩ ኦፍላይን እንዳለ ቀረ።

እኔ ስልኩን እንደ ማይክራፎን ከፍ አድርጌ ከፊት፣ ማህበሩ ከኋላ። ጀልባዋ እዚያው ታስራለች። ጋሽ ኑሩ በዚያ ዕድሜያቸው ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና በስልክ መብራት ከመቀመጫው ሥር ተመለከቱ። ሰኢድ ጨርቁን የሸፈነውን ሬንጅ በምስማር ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገላቸው።

ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ።

"ቀይ አበባ" አሉ።

"ቀሚሴ ነው" አለ ስልኩ። "ውኃ አስገብታ ታውቃለች?"

"ወላሂ አታውቅም።"

እኔ አባን አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ኖሬ አላውቅም ነበር። ለማንም ሳይሆን ለውኃው እንደሚናገር ሰው፣ "ሌላ ጨርቅ አይይዝም ትላለች። ለእያንዳንዷ ከራሷ ቀሚስ ነው ቀድዳ የምትሰጠኝ" አለ።

በሕዝብ ፊት ሲናገር የሰማሁት ረጅሙ ንግግሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። እማ ከዘንዘልማ፣ አራሷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጀልባ መጥራት ጀመረች። የማን እንደነበረች፣ አሁን ማን ጋ እንዳለች፣ ሰማያዊ ቀሚስ ይሁን ባለ መስመር። ሰዎቹ እየሮጡ ያረጋግጣሉ። ከኋላ የዘይነባ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል። ጣራው ያበላሸብን አራቱ ፎቶዎችስ? የሦስቱ ጀልባዎች ዛሬም አሣ ያመላልሳሉ። እኔ ጠፉ ብዬ ነበር።

እማ በባጃጅ ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። አራቱን ጀልባ ለአባ ሰጡት፣ ሁለቱን ለፋይበሩ። እማ ዘንቢሏን ከፍታ ሳጥኗን ከነዳንቴሏ ለጋሽ ኑሩ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም ሕፃን እንደሚያዩ "ማሻአላህ" አሉ።

ቤት ገብቼ ሰካኋት። ሁለቱም ዲስኮች ጤነኛ ናቸው። የኬብል መግቢያዋ ላይ ግን የአራስ ገንፎ ቅቤ አለ። በሰንጠረዤ ውስጥ "ቅቤ" የሚል ዓምድ አልነበረም።

አባን ይቅርታ ልጠይቀው ስል ፌስታሉን አውርዶ እየጠረገ ነበር። "ለአራቱ አዲሶች ቦታ አለ" አለኝ፣ አልበሙን ገልጦ ባዶ ገጾቹን እያሳየ። 

እማ ደግሞ አንድ ነገር አለችኝ። ቀሚሶቿ እያለቁ ነው። ለመጀመሪያዋ አዲስ ጀልባ ጨርቁ ከኔ ቀሚስ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ የቱን እንደምሰጥ እስከ ሰኞ ወስኚ ብላኛለች።

የተመረቅሁበት አለ፣ ግን ጨርቁ ስስ ነው። የዒዱ ወፍራም ነው፣ ግን ቀለሙ ይለቅቃል። አረንጓዴው ጠንካራ ነው፣ ግን እወደዋለሁ።

ሰንጠረዥ ጀምሬያለሁ።

እስከ ሰኞ የሚደርስልኝ ይመስላችኋል?