ጉድጓድ ነሽ ያለኝ ወንድሜ

በየቤተሰቡ አንድ ተረት ፈቺ አይጠፋም። የሌለበት ቤት የምታውቁ ካላችሁ አድራሻውን ንገሩኝ፤ ነገ ጠዋት ጓዜን ጠቅልዬ ልግባ። ህልም ፈቺ አላልኩም። ህልም ፈቺ ቢያንስ እስክትተኙ ይታገሣችኋል። ተረት ፈቺ ግን ዓይናችሁ እንደፈጠጠ፣ ሥራ ላይ ቆማችሁ፣ ካውያው እጃችሁ ላይ እየጋለ ይመጣና "አንድ ንጉሥ ነበር" ይላል። ንጉሡ እናንተ ትሆናላችሁ ብላችሁ እንዳትጓጉ። እናንተ የንጉሡ አህያ ናችሁ።

የኛ ቤት ተረት ፈቺ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። አዎ፣ "ናቸው"። በደህና ቀን "ጋሼ፣ አንተ" እያልኩ ነው የማወራው። ሲያናድደኝ ግን አንቱ እለዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ነገሩ ይገባውና ገለል ይላል። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተማሩ። ጡረታ የወጡ ዕለት ካርታቸውን ጠቀለሉና "ከእንግዲህ የማጠናው የሰውን ልብ መልክዓ ምድር ነው" ብለው የኔ ላውንደሪ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ተሰየሙ። ከዚያ ወዲህ አልተነሡም። ወንበሯን የገዛኋት ለደንበኛ ነበር።

የክቡርነታቸው እምነት ባጭሩ እንዲህ ነው። ተረት የድሮ ነገር አይደለም፤ ትናንት እናንተ ቤት የተፈጸመ ነገር ነው፤ ተረቱ ውስጥ የቆማችሁበትን ስላላያችሁ ብቻ የድሮ ይመስላችኋል። ሰው ሱሪውን ሊወስድ ገብቶ፣ አፉ አምልጦት "ዛሬ ደግሞ አለቃዬ እንዲህ አለኝ" ካለ አለቀለት። ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ አንድ ተረት ይመዛሉ፣ ሲጨርሱም ጣታቸውን ቀስረው "እስቲ ንገረኝ፣ የት ነው የቆምከው?" ይላሉ። ሰውየው የቆመው ባንኮኒው ፊት ነው! ከኋላው ደግሞ ስድስት ሰው ቆሟል!

ጥርሴን ባመመኝ ጊዜ የሆነውን ስሙ። ጉንጬ አብጦ አንድ ዓይኔን ሸፍኖታል። እሳቸው ተደላድለው "ሀብት ላይ የተኛ አንድ ዘንዶ ነበር" ብለው ጀመሩ። ዘንዶው እሳት የሚተፋው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ከሥሩ የተቀበረውን እንዳይነኩበት ነው አሉኝ። "እህቴ፣ ከዚያ ጥርስ ሥር የቀበርሽው ነገር አለ።"

"አዎ፣ መግል!" አልኳቸው በግማሽ አፌ።

ሐኪሙ ሲነቅለው በርግጥም መግል ነበር። እሳቸው ግን ይህን የሰሙ ዕለት "አላልኳትም? የተቀበረ ነገር ነበር" ብለው ለሰው ሁሉ አወሩ። ከዚህ ሰው ጋር ተከራክሮ የሚረታ ማን አለ?

ሌላ ጊዜ ትልቁ ማጠቢያ ማሽን የሰው መጋረጃ እንደያዘ ውሃውን አልለቅም ብሎ ቆመ። ቴክኒሻን ጠራሁ። ሰውየው በደረቱ ተኝቶ ብሎን ሲፈታ ክቡርነታቸው በላዩ ቆመው ወንዝ ስለዋጠ ግዙፍ ሰው ይተርካሉ። ጎበዞች በጦር ወጉት፣ በእሳት ለበለቡት፣ ወንዙን አልተፋም አለ፤ በመጨረሻ አንዲት ሕፃን ቀርባ "ምንህን ነው ያመመህ?" ብትለው አፉን ከፈተ። "እናንተስ፣ ይህችን ማሽን ምን እንዳመማት ጠይቃችኋል?" አሉ። ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ አያቸውና ወደኔ ዞሮ "እትዬ፣ ሰውየው ደህና ናቸው?" አለኝ። ወዲያው ከፓምፑ ውስጥ የሕፃን ካልሲ ጎትቶ አወጣ። ጋሼ ካልሲዋን ተቀብለው ሜዳሊያ እንዳገኘ ሰው ከፍ አደረጓት። "ጉሮሮዋ ላይ ነበር!" ያ ቴክኒሻን ከዚያ በኋላ መንገድ ሲያልፍ ሳይቀር ብቅ እያለ "እሳቸው የሉም?" ይለኛል።

ይኸውላችሁ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ሰው እሳቸውን መውደዱ ነው። አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ በየሳምንቱ አንድ ካፖርት ያመጣል። ካፖርቱ ንጹሕ ነው። ኪሱን ብትገለብጡት፣ ኮሌታውን ብታዩት፣ ብብቱን ብታሸቱት ንጹሕ ነው! ሰውየው የሚመጣው ለተረት ነው። ንጹሕ ልብስ አጥቤ ለባለቤቱ መመለስ እንዴት እንደሚያሳፍር የሙያው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

የቤት ደላላውስ? ምላሱ ጤፍ ይቆላል የሚባለው ዓይነት ነው። ከረባቱን ሊወስድ ሲመጣ፣ ለአንበሳ የገዛ ዋሻውን ስላከራየች ቀበሮ ነገሩት። ሰደቡት ብዬ በሐፍረት ተንጠልጣይ ካፖርቶች መሀል ገባሁ። ሰውየው ግን ፊቱ ወገግ አለ። "እኔ ነኝ! በቃ፣ ቀበሮዋ እኔ ነኝ!" እያለ ወጣ። አሁን ለቤት ፈላጊ ሁሉ ራሱን የሚያስተዋውቀው በዚያች ቀበሮ ነው አሉ።

ሌላው እንዲህ ቀበሮና ንግሥት እየሆነ ሲወጣ ለእኔ የሚተርፈኝን ልንገራችሁ። አህያ ሆኛለሁ። ጅብ ሆኛለሁ። እንጀራ እናትማ የዘወትር ሥራዬ ናት። አንድ ጊዜ ሰውም እንስሳም አልነበርኩም፤ ጉድጓድ ነበርኩ። "ድንጋይ ሲጥሉባት ድምፅ የማትሰጥ ጉድጓድ ነበረች" አሉና ዓይናቸውን ሰደዱብኝ። ጉድጓድ! በደንበኛ ፊት! እናታችን በሕይወት ኖራ ይህን ብትሰማ ኖሮ ጡረተኛም ቢሆኑ በጥፊ አትምራቸውም ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። የልጄን ነገር ግን አልቻልኩም።

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ክሬን መንዳት ልማር ስትል ይለቃታል ብዬ ዝም አልኩ፤ አልለቀቃትም። ሰኞ ዕለት ከሩቅ ወደብ ተደወለላት፤ "ሥራውን አግኝተሻል፣ ዓርብ እስከ ቀትር መልስሽን አሳውቂን" አሏት። ከመርከብ ላይ ኮንቴይነር የሚያወርድ ክሬን ነው፤ ቁጭ የሚሉባት የመስታወት ክፍል ከስንት ፎቅ በላይ ናት። አባቷ ግንበኛ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ ነው የሞተው፣ እሷ ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳለች። ይህን እያወቀች ፊቴ ቁጭ ብላ "እማዬ፣ አንቺ ሂጂ ካላልሽኝ አልሄድም" አለችኝ። ምነው ሰድባኝ፣ በር ወርውራ በሄደች! በሬን በቀንዱ፣ ሰውን በአንደበቱ ይሏል፤ እኔን በዚያች አንድ ቃል አሰረችኝ። "እናያለን" አልኩና ካውያዬን አነሣሁ። ልቤ ግን ቆርጧል። አትሄድም።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንዲት እናት ነበረች" አሉ። "ልጇን ጅብ እንዳይበላባት ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባት። ጅቡ መጣ፣ አሸተተ፣ ሣጥኑን ቧጠጠ፣ ደከመውና ሄደ። ውሎ አድሮም አረጀ፣ ሞተ። እናትየዋ ግን ቁልፉን እንደጨበጠች እስከ ዛሬ ቆማለች። እስቲ እህቴ፣ የት ነው የቆምሽው?"

ምንጣፍ ተሸክማ ወረፋ የምትጠብቅ ሴትዮ "ወይኔ፣ እኔ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ነኝ" ብላ ማልቀስ ጀመረች። አጠገቧ የነበሩት ምንጣፉን ተቀብለው አጽናኗት። እኔን ያየኝ የለም።

ደሜ ፈላ። "ጅቡ ሞተ ያለዎት ማነው?" አልኩ። "ሬሳውን ያየው ማነው? በእርስዎ ተረት የወደቀ ሰው ክንፍ አብቅሎ ይነሣል። የኔ ባል አልተነሣም! ጫማውን በፌስታል አድርገው ነው ያመጡልኝ! ለእኔ ጅቡ ዛሬም ደጄ ላይ ነው ያለው። ውጡልኝ ከዚህ! ወይ እንደ ሰው ይናገሩ፣ ወይ ዝም ይበሉ!"

ኮፍያቸውን አደረጉና ወጡ።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም። እፎይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ደንበኛ ይገባል፣ ብሶቱን ያወራል፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይጠብቃል። ጋሼ የሽቦ መስቀያ ያቃናሉ። ደንበኛው ቅር እንዳለው ይወጣል። የባንኩ ሰውዬ ካፖርቱን ሳይሰጠኝ ይዞት ሄደ። የምንጣፏ ሴትዮ "ከሣጥኑ እንዴት እንደምወጣ እንኳ ሳይነግሩኝ! ምን አድርገሻቸው ነው?" ብላ ገላመጠችኝ። በገዛ ሱቄ እኔው ጥፋተኛ ሆንኩ። ይባስ ብሎ እኔም ራሴ፣ ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ ጆሮዬ ወደ መስኮቱ ያዳምጣል።

ዓርብ ጠዋት ዝናብ ነበርና ደንበኛ አልመጣም። ሁለታችን ብቻ ነን። ልጄ ቀትር ሳይሞላ መደወል አለባት፤ እኔ እስካሁን እሺም እንቢም አላልኳትም። አንዱን ሸሚዝ ሦስቴ ተኮስኩት መሰለኝ። ዝምታው አንገበገበኝና ካውያውን ቦታው ላይ አስቀመጥኩ።

"ምነው አፍዎ ተለጎመ? እንደ ሰው ይናገሩ ነው እንጂ ይሙቱ አላልኩም! በሉ፣ የልብዎን በግልጽ ይንገሩኝ። ትሂድ ወይስ ትቅር?"

ጋሼ መስቀያውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ትቅር" አሉ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

"ትቅር። እንድትሄድ አልፈልግም" አሉ። "ትምህርት ቤቱን ከተውኩ ወዲህ ጠዋት ለምን እንደምነሣ አላውቅም። እሷ በሬን ደብድባ 'ጋሼ፣ ሻይ ቀዘቀዘ' ስትለኝ ነው የምነሣው። እሷ ከሄደች ማን ይቀሰቅሰኛል? ክሬን የሚለውን ቃል ስሰማ ያ ቀን ነው የሚታየኝ። ባልሽን ሆስፒታል ሄጄ 'አዎ፣ እሱ ነው' ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያየሽው ጫማውን ነው። እኔ ያየሁትን ለማንም አልነገርኩም።"

እውነትም ለማንም አልነገረም። ስንት ዓመት አብረን ስንበላ፣ ስንጣላ፣ ለኔም አልነገረኝም።

"ታዲያ ለምን?" አልኩ። "ረቡዕ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት ልቀቂያት ያልከኝ ለምንድነው?"

"እኔ አይደለሁም፣ ተረቱ ነው" አለ። "እኔማ ብጠየቅ እግሯ ላይ ተጠምጥሜ አስቀራት ነበር። እኔ ፈሪ ነኝ፣ እህቴ። የራሴን ከተናገርኩ ልጅቷን አስቀራታለሁ። ተረቱ ከኔ ይደፍራል። እሱ ያለውን አፌ ላይ አድርጌ ስናገረው ለጥቂት ጊዜ እኔም የደፈርኩ ይመስለኛል። ሌላ ምን መላ አለኝ?"

ግልጽ ንግግር ጥሩ ነው እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች አሉ። ሰምተውት አያውቁም ማለት ነው! ወንድሜ ልብሱን ገፍፈው መንገድ ላይ እንዳቆሙት ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሄጄ አጠገቡ፣ የታጠበ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም፤ ሠራተኛ ቢቀመጥበት አባርረዋለሁ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "በፈጠረህ፣ ተረት ንገረኝ።"

"የቱን?"

"የፈለግከውን። ብቻ እንዲህ አትናገር።"

አፍንጫውን በደንበኛ መሐረብ ጠረገ። ትናንት የታጠበ፣ የተተኮሰ መሐረብ ነው! ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ ጀመረ፤ ደመና ላይ ልብስ ስለምታሰጣ አንዲት ልጅ። እንዲህ የሚባል ተረት እንደሌለ አውቃለሁ፤ እዚያው እየፈጠረው ነው። ልጅቷ ከላይ ሆና ታች ላለችው እናቷ ነጭ አንሶላ ታውለበልብላታለች። እናትየዋ አንገቷ እስኪቆለመም ቀና ብላ ታያለች። መሀል ላይ ሲደርስ ጠፋበት፤ ልጅቷን እንዴት እንደሚያወርዳት አላወቀም። ዞሮ አየኝ።

"መሰላል አላት" አልኩት። "ስትፈልግ ትወርዳለች።"

"አዎ፣ መሰላል አላት" አለና እንባው መጣ። የኔም አልቀረም።

ይኼኔ በሩ ተከፈተ። ልጄ ዝናቡ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ስልኳን በመዳፏ ይዛ ገባች። ቀትር ሊሞላ ነው። እኔን አየች፣ አጎቷን አየች፣ ክው ብላ ቀረች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አልኩ፣ ከአንሶላው ላይ እየተነሣሁ። "ደውዪላቸው። ከዚያ ልብሶችሽን ሁሉ አምጪልኝ። የላውንደሪ ባለቤት ልጅ የተጨማደደ ለብሳ እዚያ ላይ ወጥታ፣ አገር ሁሉ እያያት አታሰድበኝም።"