ጋሽ ጥላዬና ሰባተኛው ቤት

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ስማችሁን ጠይቆ ይበቃዋል። ሌላው ስማችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ "የማን ልጅ?" ይላል። ይህን ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሠርግ ላይ ከጎናችሁ ይቀመጣል፣ ለቅሶ ላይ ጥግ ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ከዚያ እናንተ እንኳ ሰምታችሁት የማታውቁትን የአያታችሁን ወንድም በስሙ ጠርቶ "እሱ እኮ የአክስቴ ባል ነበር" ይላችኋል። በአትላንታና በአካባቢዋ ይህን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙት የታከር ሰፈር ጎረቤቴ፣ ክቡር ሊቀ ሐረገ ትውልድ ጋሽ ጥላዬ ናቸው።

ሊቶኒያ ከተማ አንድ ምርቃት ላይ ዲጄውን ሙዚቃ አስቁመው ዘመድ አድርገውት ተመልሰዋል። ደንዉዲ ሰፈር የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፋቸው ተከፍቶ፣ ግማሽ ፊታቸው ደንዝዞ፣ ህንዳዊቷን ሐኪም የማን ልጅ እንደሆነች ለመጠየቅ ታግለዋል። አንዴ ደግሞ ፖሊስ አስቆማቸውና ደረቱ ላይ ስሙን አነበቡ። "ጆንሰን? የየትኛው ጆንሰን?" ሰውዬው የቅጣት ቲኬት ሳይሰጣቸው የሄደው ደክሞት ነው እንጂ አዝኖላቸው አይመስለኝም።

"ኧረ ምን ያደርግልዎታል?" ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ታዲያ ከሰማይ ወረደ?"

ባለፈው ዓመት ልጃቸው እየሩሳሌም ቶሚን ይዛ መጣች። ቶሚ ከሳቫና ወንዝ አካባቢ የመጣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ትሁት፣ ቃሪያ እያስለቀሰው "ኢትስ ጉድ" እያለ የሚጎርስ ልጅ ነው። ጋሽ ጥላዬ ወደዱት። "ጥሩ ልጅ ነው" አሉ፤ "አሁን ሰባት ቤቱን ይቁጠርልኝ።"

በእኛ ወግ ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ መንገድ ላይ አንድ አያት ከተጋሩ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው።

"ባባ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ቶሚ እኮ ፈረንጅ ነው! ዘሩ ጀርመን ነው!" አለች እየሩሳሌም።

ባለቤታቸው እትዬ ተናኘም "አንተ ሰውዬ፣ ጎጃምና ጀርመን የት ተገናኝተው ነው?" አሉ።

"እሱን ነው የማጣራው።"

ምስኪኑ ቶሚ መቁጠር ጀመረ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ። ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን አየና "የአያቴ አባት... በቅሎ ነበረችው መሰለኝ" አለ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ተረጎምኩ። ጋሽ ጥላዬ ክው አሉ።

"መዓዛ፣ ምን ነው የሚለው? ሦስተኛው ቤት ላይ ሰውዬው ጠፍቶ በቅሎዋ ብቻ ቀረች?"

ሰባቱ ሳይሞላ ምርቃት የለም አሉ። እየሩሳሌም ደግሞ አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም አለች። ያ እልህ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሰባት ቤት መቁጠር አያስፈልግም። ሠርጉ ተንጠለጠለ።

ከዚያማ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አማቹና አማቱ መኪና ውስጥ ናቸው። የመቃብር ድንጋይ ላይ የተፋቀ ጽሑፍ በእጃቸው እየዳበሱ፣ ላይብረሪ ሲዘጋ እየተባረሩ፣ አራተኛውን አገኙ፤ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን አገኙ። ሰባተኛው፣ አሜሪካ ገና አሜሪካ ሳትሆን፣ ጆርጂያ የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ሳለች፣ ከወንድሞቹ ጋር ከጀርመን በመርከብ የመጣ ሉተራን ጫማ ሰሪ ነው። እኔ ራሴ ስሰማ ፀጉሬ ቆመ። በቅሎ ብለን የጀመርነው እኮ ነው!

በማግስቱ ግን ጋሽ ጥላዬ ፊታቸው ጠቁሮ በሬን አንኳኩ።

"መዓዛ፣ ጉድ ፈላ! ወንድማማቾቹ ስማቸው ዮሐን ጊዮርግ፣ ዮሐን ሚካኤል፣ ዮሐን ፍሪድሪክ ነው። ገባሽ? ሦስቱም ዮሐን! አንዱ የጊዮርግ ልጅ፣ አንዱ የሚካኤል፣ አንዱ የፍሪድሪክ! እናትየዋ ሦስት ባል አግብታ፣ ከእያንዳንዱ የወለደችውን ሁሉ ዮሐን ብላዋለች። ምን ዓይነት ቤት ነው ልጄ የምትገባው?"

ሠርጉ እንደገና ቆመ። እየሩሳሌም ስልክ ደውላ "በቃ፣ ባባ እምቢ ብሏል" ብላ አለቀሰችብኝ።

የቶሚ አያት ሚስ ኤድና ሁላችንንም ምሳ ሲጠሩን፣ ጋሽ ጥላዬ መርዶ ነጋሪ መስለው ተነሡ። "ሚስ ኤድና፣ የሚከብድ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ይበርቱ" ብለው ሦስቱን ባሎች አንድ በአንድ ዘረዘሩ። እኔም እየተሸማቀቅኩ ተረጎምኩ።

ሚስ ኤድና የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ሃኒ፣ አባታቸው አንድ ነው! ዮሐን እኮ ሲጠመቁ ለወንዱ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው። ዮሐን ብሎ የሚጠራቸው አልነበረም። ሰው የሚያውቃቸው በሁለተኛው ነው። የኛው ሰው ጊዮርግ ነው።"

 ጋሽ ጥላዬ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

"የክርስትና ስም! ሉተራኑም የክርስትና ስም አለዋ! የኔ ወልደ ዮሐንስ አይደል? ከቄሱ በቀር ማን ያውቀዋል? አዬ ጉዴ! አሜሪካኑ ሁሉ በአባቴ ስም ሚስተር እያለ ሲጠራኝ እየተናደድኩ፣ ለሰውዬው የሌለ አባት ሰጠሁት!"

ሚስ ኤድና በዚያው ወደ ወንዙ ወሰዱን። የጊዮርግ መቃብር ጠፍቷል፤ ድንጋይም የለም። ከዛፎቹ ላይ ግራጫ ሽበት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሎ ውሃው ላይ ያጠላል። "እዚህ ጋ ነው የወረዱት ይባላል" አሉ። ጊዮርግና ሚስቱ መንገድ ላይ የሞተች ሴት ልጃቸውን ለባሕር ሰጥተው፣ እንግሊዝኛ የሚባል ሳይችሉ፣ ይህን ጭቃ ረግጠው ወጡ። ፊታቸው የነበረው ጫካ ብቻ ነው።

ጋሽ ጥላዬን ጥያቄ ሳይኖራቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ቁጠር ልጄ" አሉት።

"ቶሚ... የሮበርት ሊጅ" ብሎ ቶሚ በኮልታፋ አማርኛ ጀመረ። አንድ በአንድ ወጣ፤ ስድስተኛውን አልፎ ሰባተኛው ላይ ደረሰ። "የጊዮርግ ሊጅ።"

ጋሽ ጥላዬ ወደ ውሃው ዞረው እጅ ነሡ።

"አባቴ፣ ጥላዬ እባላለሁ። እኔም ኋላ የመጣሁ ስደተኛ ነኝ። ያኔ ሲወርዱ ማን እንደተቀበለዎት አላውቅም። እንኳን ደህና መጡ። ልጄን ለልጅዎ ሰጥቻለሁ።"

እየሩሳሌም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሚስ ኤድና ክንዴን ይዘው "ምን አሉት? ምን አሉት?" ይሉኛል። አስተርጓሚ ተብዬ ነው የመጣሁት፤ መተርጎሙን ረስቼዋለሁ። እሳቸውን "ኧረ ጋሽ ጥላዬ፣ ይብቃዎት" ስል የኖርኩ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዲደግሙት።